የወንበሩ ስፍራ፤ የጥቁሮች ተማሪዎች ታሪክ በኦክላሆማ ዩኒቬርሲቲ

ከ1948 ዓ.ም. የተረፈ አንድ ፎቶግራፍ አለ። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ የሚቈጠሩት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) በፎቶግራፉ ላይ ነጭ ተማሪዎች በመማሪያ ክፍላቸው በረድፍ ተቀምጠው ይታያሉ። ከነርሱ ተለይተው ከዋናው ክፍል ጋር በተያያዘች አንዲት የጎን ክፍል ውስጥ አንድ በዕድሜ የገፉ ጥቁር ሰው ለብቻቸው ተቀምጠዋል። እኚህ ሰው ጆርጅ ማክሎሪን ይባላሉ። ሥራቸው መምህርነት ነበር፤ የማስተርስ ማዕርግ ካገኙና ብዙ ዘመን ካስተማሩ በኋላ በአሜሪካ አገር በኦክላሆማ ዩኒቬርሲቲ በትምህርት ሙያ የዶክትሬት ማዕርግ ለማግኘት ይማሩ ነበር። ተባረዋል እንዳይባል በመዝገብ የተጻፉ ተማሪ ናቸው፤ ገብተዋል እንዳይባል ደግሞ ከክፍሉ ውጭ ናቸው።

በዩኒቬርሲቲዎች ውስጥ ስለ ነበረው የዘር ልዩነት ሲነገር ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው የበሩን ታሪክ ነው። በ1962 ዓ.ም. በሚሲሲፒ ወታደሮች ተልከው አንድ ተማሪ ሲገባ፣ በ1963 ዓ.ም. የአላባማ ገዢ በዩኒቬርሲቲው በር ቆመው ሁለት ተማሪዎችን ሲከለክሉ፣ ይህ ሁሉ በጋዜጣና በቴሌቪዥን የታየ ነገር ነው። በር የሚታይ ነገር ስለ ሆነ ወሬ ይወደዋል። እኔ ግን ለአንባቢ ለማቅረብ የምሻው ከበሩ ወዲያ ያለውን፣ ማለት የወንበሩን ታሪክ ነው። በኦክላሆማ የሆነው ነገር እንደሚያስረዳው፣ በሩን የተሸነፈ ልማድ ተሸንፎ አይቀርም፤ ወደ ውስጥ ገብቶ በወንበሩ ዙሪያ ይመሽጋል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት እስከ 1896 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁሮችንና ነጮችን ለያይቶ ማኖር፣ ለሁለቱም የሚሰጠው ነገር እኩል እስከ ሆነ ድረስ፣ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ሲል ፈረደ። ከዚህ በኋላ የደቡብ ግዛቶች መለያየቱን አጥብቀው ሲይዙ እኩልነቱን ረሱት። ኦክላሆማ በ1907 ዓ.ም. ግዛት ስትሆን ይህንኑ መንገድ ተከተለች። ለጥቁሮች በ1897 ዓ.ም. የተቋቋመው የላንግስተን ኮሌጅ ነበረ፤ ነገር ግን ሕግ ወይም የዶክትሬት ትምህርት የሚሰጥበት አልነበረም። ይህን መማር የፈለገ ጥቁር ከአገሩ ወጥቶ ወደ ሌላ ግዛት እንዲሄድ ይደረግ ነበር።

በሕግ መጽሐፉ ላይ የሰፈረው ቅጣት ሊነበብ የሚገባው ነው። ነጭና ጥቁር ተማሪዎችን በአንድነት ተቀብሎ ትምህርት ቤት የሚያካሂድ ሰው ከ100 እስከ 500 ዶላር፣ በእንዲህ ያለ ክፍል የሚያስተምር መምህር ከ10 እስከ 50 ዶላር፣ ከጥቁር ጋር የሚማር ነጭ ተማሪም ከ5 እስከ 20 ዶላር ይቀጣል፤ እያንዳንዱም ቀን እንደ አዲስ ወንጀል ይቈጠራል። የመጨረሻውን አንባቢ ልብ ይበለው። ሰው በገዛ ፈቃዱ ፈጽሞ የማያደርገው ነገር ቢሆን ኖሮ በላዩ መቀጫ ማውጣት ባላስፈለገም ነበር። ሕግ አውጪው ጥቁሩ እንዳይገባ መከልከሉ አልበቃውም፤ ነጩ ልጅ ከጎኑ እንዳይቀመጥም ፈርቷል።

በ1938 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሚዙሪ ስለ ሎይድ ጌንስ በሰጠው ፍርድ፣ አንድ ግዛት ለነጮች የሕግ ትምህርት ቤት ካለው ለጥቁሮችም እዚያው በግዛቱ ውስጥ ትምህርቱን መስጠት አለበት፤ ገንዘብ ከፍሎ ወደ ሌላ አገር መላክ አይበቃም አለ። ጌንስ ግን የፍርዳቸውን ፍሬ አልበሉም። በ1939 ዓ.ም. በቺካጎ ከተማ ከማደሪያቸው እንደ ወጡ ጠፉ፤ እስከ ዛሬም የደረሱበት አልታወቀም።

ወደ ኦክላሆማ እንመለስ። በጃንዋሪ 1946 ዓ.ም. አንዲት የ21 ዓመት ሴት ኖርማን ወደሚባለው የዩኒቬርሲቲ ከተማ መጥተው በሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት ጠየቁ። ስማቸው ወይዘሮ አዳ ሎይስ ሲፑል ነው። አባታቸው የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ፤ ወላጆቻቸው በ1921 ዓ.ም. በተልሳ ከተማ የጥቁሮች ሰፈር በነጮች ሁከት በተቃጠለ ጊዜ ቤታቸው ከተቃጠለባቸው ሰዎች ወገን ነበሩ። አስቀድሞ ለዚህ ክስ ታስበው የነበሩት ወንድማቸው ነበሩ፤ ነገር ግን በጦርነቱ አገልግለው ብዙ ጊዜ ያለፈባቸው ስለ ሆነ ተጨማሪ ዓመቶችን በፍርድ ቤት ደጅ ለማሳለፍ አልፈቀዱም። እኅታቸው ተተኩ።

የዩኒቬርሲቲው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ክሮስ ጥቁር እንዳይቀበሉ ከአስተዳደሩ ቦርድ ታዘው ነበር። ትእዛዙን ፈጸሙ፤ አፈጻጸማቸው ግን የሚያስገርም ነው። የወይዘሮ ሲፑልን የትምህርት ማስረጃ ካስመረመሩ በኋላ፣ ከሳሾቹ ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ ምን ዐይነት ደብዳቤ እንደሚያስፈልጋቸው ጠየቁ። ከዚያም አመልካቿ በትምህርታቸው ብቁ እንደ ሆኑ፣ የተከለከሉትም በዘራቸው ምክንያት ብቻ እንደ ሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፉላቸው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ባይኖር ዩኒቬርሲቲው ማስረጃው ጎደለ፣ ቀኑ አለፈ እያለ ነገሩን ለዓመታት ሊያጓትተው ይችል ነበር። አንድ ሹም በእጁ ያለውን ትእዛዝ መሻር ቢያቅተው እንኳ እውነቱን በጽሑፍ ማስፈር እንደሚችል ሳስብ፣ ከዚህ ታሪክ ብዙ የማይነገርለትን ይህን ክፍል እወደዋለሁ።

ጠበቃቸው ተርጉድ ማርሻል ነበሩ፤ እኚያ በ1967 ዓ.ም. የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያ ጥቁር ዳኛ የሆኑት ናቸው። ፍርድ ቤቱ ክርክሩን ከሰማ ከአራት ቀን በኋላ በጃንዋሪ 12 ቀን 1948 ዓ.ም. ግዛቱ ለወይዘሮ ሲፑል የሕግ ትምህርት እንደ ማናቸውም ነጭ አመልካች በቶሎ እንዲሰጥ አዘዘ። ኦክላሆማም በጣም ቸኮለች። በጥቂት ቀናት ውስጥ በግዛቱ የመንግሥት ሕንጻ ጥቂት ክፍሎችን ለየች፤ ሦስት ጠበቆችን መምህራን ብላ ሾመች፤ «የላንግስተን የሕግ ትምህርት ቤት» የሚል ስም ሰጠችው። ወይዘሮ ሲፑል ግን በዚህ ትምህርት ቤት አልማርም አሉ። በዚያው ወራት ኖርማን ላይ አንድ ሺህ ያህል ሰዎች ተሰብስበው የሕገ መንግሥቱን 14ኛ ማሻሻያ ቅጂ አቃጥለው አመዱን ለፕሬዚዳንት ትሩማን በፖስታ ላኩ። 14ኛው ማሻሻያ የዜጎችን እኩልነት በሕግ ፊት የሚያረጋግጠው ነው፤ ስብሰባውም ወይዘሮ ሲፑልን በመደገፍና በግዛቱ አድራጎት በመቈጣት የተደረገ እንጂ ሕገ መንግሥቱን በመናቅ አልነበረም። ነጭ ተማሪ ሁሉ ጠላት ነበር የሚል ካለ ይህን ያስታውስ።

አሁን ወደ ሚስተር ማክሎሪን እንደርሳለን። የዶክትሬት ትምህርት በግዛቱ ውስጥ ለጥቁሮች በሌላ ስፍራ ፈጽሞ ስላልነበረ በእሳቸው ረገድ የሚያከራክር ነገር አልነበረም። ማርሻል ኋላ እየሳቁ እንደ ተናገሩት፣ አዛውንቱን የመረጡበት አንዱ ምክንያት ጥቁር ከነጭ ጋር ከተማረ ይጋባል የሚለውን የተቃዋሚዎቻቸውን ዘለዓለማዊ ስጋት ለማስቀረት ነው። በ1948 ዓ.ም. ዳኞች ፈረዱላቸው፤ ዩኒቬርሲቲውም ተቀበላቸው። በ1949 ዓ.ም. ሕግ አውጪው ምክር ቤት ሕጉን አሻሽሎ፣ በላንግስተን የማይሰጥ ትምህርት ሲሆን ጥቁሮች ሊገቡ ይችላሉ፤ ነገር ግን ተለይተው ይማሩ አለ።

ተለይተው ይማሩ ማለት በሥራ ላይ ሲውል እንዲህ ሆነ። ከመማሪያ ክፍሉ አጠገብ ባለችው የጎን ክፍል ጠረጴዛ ተሰጣቸው። በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በደርቡ ላይ አንድ የተወሰነ ጠረጴዛ ተለይቶላቸው ሌሎች ከሚያነቡበት አዳራሽ እንዳይቀመጡ ተከለከሉ። በምግብ አዳራሽም በተለየች ጠረጴዛ፣ ሌሎች ከሚበሉበት በተለየ ሰዓት እንዲበሉ ተወሰነ። ክሱ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቀረበ ጊዜ ነገሩ እንዳያሳፍር ጥቂት ተሻሻለ። ወደ ክፍሉ ውስጥ ገቡ፤ ግን በዙሪያቸው መከለያ ቆሞ ለጥቁሮች የተለየ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ተሰቀለበት። ኋላም መከለያው ተነሥቶ ለጥቁሮች የተመደበ ረድፍ ብቻ ቀረ። በቤተ መጻሕፍቱ ከደርብ ወረዱ፤ ጠረጴዛቸው ግን የተወሰነ ነበር። በምግብ አዳራሹም ሰዓቱ አንድ ሆነ፤ ጠረጴዛው ግን ልዩ ነበር። ወይዘሮ ሲፑልም በ1949 ዓ.ም. በሕግ ትምህርት ቤቱ ሲገቡ የጠበቃቸው ከክፍሉ በስተኋላ፣ ከሌሎቹ በባዶ ረድፍ ተለይቶ «ለጥቁር» የሚል ጽሑፍ ያለበት ወንበር ነበር።

የግዛቱ ጠበቆች መከራከሪያ ለጊዜው ጆሮ የሚገባ ነው። ሰውየው ያው መምህር ያስተምራቸዋል፤ ያው መጽሐፍ ይቀርብላቸዋል፤ ያው ምግብ ይሰጣቸዋል፤ የተለየው ጥቂት ክንድ የሚሆን ስፍራ ነው፤ ስለዚህ ምን ጎደለባቸው? ይሉ ነበር።

የአገራችን አንባቢ ይህን ጥያቄ ለመመለስ ብዙ የሚቸገር አይመስለኝም። በግብር አዳራሽ ማን የት እንደሚቀመጥ ምን ያህል ነገር እንደሚናገር አባቶቻችን ያውቁት ነበር፤ ቀጥቃጭንና ሸክላ ሠሪን ከማዕድ የሚለይ ልማድ በእኛም ዘንድ ስለ ነበር፣ ምግቡ ያው ሆኖ ሰው እንዴት ሊዋረድ እንደሚችል ለማወቅ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። ከክብር ነገርም ሌላ የትምህርቱ ጉዳይ አለ። የቅኔ ቤት ተማሪ ቅኔውን ከመምህሩ አንደበት ይሰማል፤ ምሥጢሩን የሚያበስለው ግን ከአስነጋሪውና ከባልንጀሮቹ ጋር ሲከራከር፣ ሲሳሳትና ሲታረም ነው። ከጎጆው ውጭ ተቀምጦ የመምህሩን ድምፅ ብቻ የሰማ ሰው ቃሉን ቢይዝ እንኳ ቅኔ ተማረ አይባልም። ስለዚህ ከሚስተር ማክሎሪን የተወሰደባቸው ያ የጥቂት ክንድ ስፍራ ራሱ የትምህርቱ አንድ ክፍል ነበር።

ዳኞቹም ያሉት ይህንኑ ነው። በጁን 5 ቀን 1950 ዓ.ም. የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ፍሬድ ቪንሰን የሁሉንም ዳኞች ፍርድ ሲያነቡ፣ እነዚህ ገደቦች ተማሪው ከማጥናት፣ ከባልንጀሮቹ ጋር ከመነጋገርና ሐሳብ ከመለዋወጥ፣ በጠቅላላውም ሙያውን ከመማር ያግዱታል አሉ። ደግሞም ማክሎሪን ነገ ሌሎችን የሚያስተምሩ ስለ ሆነ የእሳቸው ትምህርት ሲጎድል የተማሪዎቻቸውም እንደሚጎድል አመለከቱ።

በዚያው ቀን ሌላ ፍርድ ተሰጠ። ሂማን ስዌት የሚባሉ በሂውስተን ከተማ ደብዳቤ የሚያድሉ የፖስታ ሠራተኛ በ1946 ዓ.ም. በቴክሳስ ዩኒቬርሲቲ ሕግ ለመማር አመልክተው ስለ ተከለከሉ፣ ግዛቱ ለጥቁሮች ሌላ የሕግ ትምህርት ቤት አቋቁሞ ነበር። ዳኞቹ ሁለቱን አመዛዘኑ። በነጮቹ ዘንድ 16 የሙሉ ጊዜና 3 የትርፍ ጊዜ መምህራን፣ 850 ተማሪዎች፣ 65,000 መጻሕፍት፤ በጥቁሮቹ ዘንድ 5 መምህራን፣ 23 ተማሪዎች፣ 16,500 መጻሕፍት። ነገር ግን ፍርዱ በቍጥሩ አላበቃም። ጥቁሩ ጠበቃ ወደ ፊት የሚገናኛቸው ጠበቆች፣ ምስክሮችና ዳኞች በአብዛኛው ከሌላው 85 በመቶ የግዛቱ ሕዝብ የሚወጡ ሲሆኑ፣ ከእነርሱ ተለይቶ የተማረ ሰው እኩል ተማረ ሊባል አይችልም አሉ። በ1954 ዓ.ም. የመለያየትን ሕግ ከትምህርት ቤቶች ሁሉ ያስወገደው ታላቁ ፍርድ በእነዚህ በሁለቱ ላይ የተመሠረተ ነው። በኦክላሆማ ዩኒቬርሲቲም ጥቁሮች በመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት መግባት የቻሉት ከዚያ በኋላ በ1955 ዓ.ም. ነው።

ሆኖም ቪንሰን በማክሎሪን ፍርድ ውስጥ አንድ ቃል ጨመሩ። መንግሥት ሰዎችን እንዳይቀላቀሉ መከልከሉና ሰዎች በገዛ ፈቃዳቸው አንቀላቀልም ማለታቸው እጅግ የተለያየ ነገር ነው፤ መከለያው ሲነሣ ሌሎች ተማሪዎች ላይቀርቧቸው ይችሉ ይሆናል፤ ነገር ግን ቢያንስ መንግሥት ዕድሉን አይነጥቃቸውም አሉ። ይህ ቃል ወደ ፊት የሚመጣውን ሁሉ የያዘ ይመስለኛል።

ዕድሉ ሲገኝ ምን እንደሚሆን እዚያው ግዛት ውስጥ ታይቶ ነበር። በስቲልዎተር ከተማ በነበረው የኦክላሆማ የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ በ1949 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ጥቁር ተማሪ ወይዘሮ ናንሲ ራንዶልፍ ዴቪስ ሲገቡ ከክፍሉ ውጭ በመተላለፊያው ተቀምጠው እንዲሰሙ ተደርጎ ነበር። በፈተና ከፍተኛ ውጤት ባገኙ ጊዜ ነጮቹ የክፍል ጓደኞቻቸው ራሳቸው ወደ ውስጥ ይግቡልን ብለው ጠየቁ፤ ገቡም። ይህን የማነሣው ለእኛ ሩቅ ያልሆነ ስም ስለ ሆነ ነው። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት በ1950 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥተው ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር የተነጋገሩት ናቸው፤ ራሳቸው በ1951 ዓ.ም. በኢራን በአውሮፕላን አደጋ ቢሞቱም፣ በ1952 ዓ.ም. በተደረገው ውል የዓለማያን የእርሻ ኮሌጅ ያቋቋመልን ያው የስቲልዎተር ኮሌጅ ነው። እነዚያ መምህራን በአፍሪካውያን ፊት ቆመው ለማስተማር ሲመጡ፣ በአገራቸው አንዲት ጥቁር ሴት ከመተላለፊያው ወደ ክፍሉ ከገቡ ገና ሦስት ዓመት ያህል ነበር።

ዕድሉ ሲነጠቅ የሚሆነውን ደግሞ አላባማ አሳየ። በ1956 ዓ.ም. ወይዘሪት ኦተሪን ሉሲ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ገብተው ሦስት ቀን ብቻ ከተማሩ በኋላ ሕዝብ ተሰብስቦ ድንጋይና እንቁላል ወረወረባቸው፤ ዩኒቬርሲቲውም ሁከተኞቹን በመቅጣት ፈንታ ለደኅንነትሽ ነው ብሎ እሳቸውን አገደ፤ ቀጥሎም አባረረ። ማባረሩ የተሻረው በ1988 ዓ.ም. ነው። በ1992 ዓ.ም. በዚያው ዩኒቬርሲቲ የማስተርስ ማዕርግ ሲቀበሉ ሴት ልጃቸውም በዚያው ዓመት ተመረቁ።

ወይዘሮ ሲፑል በሕግ ተመረቁ፤ በ1968 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያው ዩኒቬርሲቲ በታሪክ የማስተርስ ማዕርግ አገኙ። ብዙውን ዕድሜያቸውን ያስተማሩት በላንግስተን ነው። በስሙ የተከፈተውን የችኮላ ትምህርት ቤት እምቢ ማለታቸው የጥቁሮቹን ኮሌጅ ከመናቅ እንዳልነበረ ሕይወታቸው ይመሰክራል። በ1992 ዓ.ም. የግዛቱ ገዢ የኦክላሆማ ዩኒቬርሲቲ አስተዳደር ቦርድ አባል አድርገው ሾሟቸው፤ ይህም በ1946 ዓ.ም. አንቀበልም ያላቸው ቦርድ ነው። በ1995 ዓ.ም. ዐረፉ።

በዚህ መካከል ክርክሩ መልኩን ለወጠ። ቀድሞ ጥያቄው ጥቁሩ ይግባ ወይስ አይግባ ነበር፤ ኋላ ግን በሩ ተከፍቶ ሳለ የሚገቡት ጥቂቶች ሲሆኑ ዩኒቬርሲቲው ዘርን ቈጥሮ ሊያበዛቸው ይችላልን? የሚል ሆነ። በ1978 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በካሊፎርኒያ አንድ የሕክምና ትምህርት ቤት ከ100 ስፍራዎች 16ቱን ለይቶ ማስቀመጡን ሻረ፤ ዘርን ከሌሎች ነገሮች ጋር አንድ ላይ መመልከት ግን ይቻላል አለ። በ2003 ዓ.ም. ይህንኑ አጸና። በ2012 ዓ.ም. የኦክላሆማ ሕዝብ በድምፅ ይህን አሠራር በግዛቱ ከለከለ፤ በጁን 2023 ዓ.ም. ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሃርቫርድና በሰሜን ካሮላይና ዩኒቬርሲቲዎች ላይ በሰጠው ፍርድ በአገሩ ሁሉ አስቀረው። በ2003ቱም ሆነ በ2023ቱ ፍርድ የ1950 ዓ.ም. ፍርዶች ተጠቅሰዋል። አንዱ ወገን በዘር መለየት ክፉ ነው የሚለውን፣ ሌላው ከሌሎች ተነጥሎ መማር መማር አይደለም የሚለውን ከዚያው ይቀዳል። በእኔ አስተያየት ማክሎሪን የከሰሱት ስለ ሁለቱም ነው፤ ይሁን እንጂ ለአሥር ሰዎች በታነጸ አዳራሽ አንድ ሰው ብቻውን ቢቀመጥ፣ ማንም መከለያ ባያቆምበትም፣ የጎን ክፍሉ ትዝታ ፈጽሞ ይርቀዋል ብዬ አላምንም።

በማርች 2015 ዓ.ም. የኦክላሆማ ዩኒቬርሲቲ ነጮች ተማሪዎች በአውቶቡስ ሲሄዱ፣ ጥቁር ሰው በማኅበራቸው መቼም እንደማይገባ፣ ከዚያ ይልቅ በዛፍ ቢሰቀል እንደሚሻል እየዘፈኑ የሚታዩበት ፊልም ተሰራጨ። ያን ዘፈን ሕግ አላዘዘም፤ ቦርድም አልወሰነም። ዩኒቬርሲቲው ሲመረምር፣ ዘፈኑን ያገኙት ከዓመታት በፊት በማኅበሩ አገር አቀፍ ስብሰባ ላይ እንደ ነበር ታወቀ፤ ከዚያ ወዲህ ከአሮጌው ተማሪ ወደ አዲሱ ሲተላለፍ ቆይቷል። ፕሬዚዳንቱ ዴቪድ ቦረን የማኅበሩን ቤት ዘጉ፤ ሁለት ተማሪዎችን አባረሩ፤ በዚያው ዓመት የተማሪዎችን ኅብረትና የዘር ልዩነትን ጉዳይ የሚመለከት የምክትል ፕሬዚዳንት ሹመት አቋቋሙ። እንዲህ ያሉት ቢሮዎች በግዛቱ ኮሌጆች እንዲመረመሩና የመንግሥት ገንዘብ እንዲገደብባቸው የኦክላሆማ ገዢ በዲሴምበር 2023 ዓ.ም. አዘዙ።